የአንዲት እናት ልጆች

ጎሕ ሲቀድ የባሕሩን ሙቀት መለካት።
የወደቁትን የብረት ዘንጎች ማቆም።
የላላውን ሽቦ ማጥበቅ።
በኮራሎቹ ግርጌ የበቀለውን አረም በጥርስ ብሩሽ መፋቅ።
ኮራል በል ቀንድ አውጣዎችን በወረንጦ መልቀም።
እሾሃማውን የባሕር ኮከብ በመቆንጠጫ ይዞ ማውጣት።
የታየውን ሁሉ ለዶክተር ኢቶካዙ መንገር።

የአጋሪሃማ መንደሩ ዓሣ አጥማጅ ቶባሩ ቾኤይ የዕለት ሥራ ይህ ነው። ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት ግንባሩን በባሕር ውኃ ነካ አድርጎ «አመሰግናለሁ» ይላል። ማንን እንደሚያመሰግን የጠየቀው የለም። ቢጠየቅ ግን መልሱ ረጅም ይሆን ነበር።

ቀድሞ እንጀራው ሞዙኩ ነበር፤ ይህን ቀጭን የሚበላ የባሕር አረም እንደ መንደሩ ሰው ሁሉ በመረብ ላይ እያበቀለ ይሸጣል። ያ ክፉ በጋ መጥቶ ባሕሩ ሲሞቅ ግን በመንደሩ ፊት ለፊት ያለው ኮራል ሁሉ፣ ያ በባሕር ወለል ላይ እንደ ዛፍ ቅርንጫፍ የሚያወጣ ሕያው ፍጡር፣ እንደ አጥንት ነጥቶ ሞተ። ዓሣውም ሄደ። ቾኤይ የጠፋ መልሕቅ ሊፈልግ በሰርጡ አፍ ሲጠልቅ አንዲት ኮራል ብቻ በሕይወት አገኘ፤ ቅርንጫፎቿ ጫፋቸው ሰማያዊ ነበር። መልሕቁን ረስቶ ወጣ።

ከእርሷ የጣት ቁመት ያላቸውን ቁራጮች ወሰደ። አሸዋው ላይ በተተከሉ የብረት ዘንጎች ራስ ላይ፣ ቀንድ አውጣ በቀላሉ በማይደርስበት ከፍታ፣ በሽቦ አሰራቸው። ቁራጮቹ አደጉ። ካደጉት ደግሞ ቆረጠ፤ እነዚያም አደጉ። ከዓመታት በኋላ በመንደሩ ፊት ለፊት የተዘረጋ የኮራል እርሻ ቆመ፤ ትንንሾቹ ሰማያዊ ዓሦችም ተመልሰው ገቡበት። ቾኤይ «ልጆቼ» ይላቸዋል። የቀረው ምኞት አንድ ነበር፦ ልጆቹ በተራቸው ዘርተው፣ ያለ ሰው እጅ ባሕሩን ሲሞሉ ማየት።

ኮራል በዓመት አንድ ጊዜ፣ በግንቦት ጨረቃ ሰሞን፣ እንቁላሉንና ዘሩን ወደ ውኃው ይለቃል። በዓሣ አጥማጆች ማኅበሩ የበረዶ ቤት ጥግ ላይ ማይክሮስኮፕ ተክላ የምትሠራው የምርምር ጣቢያዋ ዶክተር ኢቶካዙ የተሰበሰበውን እንቁላል ስትመረምር ይህ ሦስተኛ ዓመቷ ነበር። ቾኤይና የሞዙኩ ገበሬው ጓደኛው ጊማ ጠዋት መጥተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ሴንሴይ፣ ዘንድሮስ?» አለ ቾኤይ፣ እንደ መምህር አክብሮ እየጠራት።

«ዘንድሮም አልፀነሱም።» ከመሣሪያው ቀና አለች፤ እርሷም በተራዋ «ሳን» ብላ በአክብሮት ጠራችው። «ቾኤይ ሳን፣ ከየዘንጉ የወሰድኩትን ናሙና መርምሬያለሁ። ይቀመጡ።»

«ቆሜ እሰማለሁ።»

«ሁሉም አንድ ናቸው።»

«ወንድማማች ናቸው ማለትዎ ነው?»

«ወንድማማችስ በሆኑ። አንድ አካል ናቸው። ያቺ በሰርጡ አፍ ያገኟት ኮራል ራሷ ናት፣ በሺህ ቦታ የቆመች። ይህ የኮራል ዓይነት ደግሞ በገዛ ዘሩ አይፀንስም።»

ቾኤይ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ቀድሞ የተናገረው ጊማ ነበር።

«እኔ ደግሞ መንደር አቋቋመ ብዬ ስቀናበት! ለካ አንዲት ሴት በመስታወት ቤት አስቀምጦ ነው!»

«ዝም በል አንተ።»

«ምን ዝም እላለሁ! ሠርግ ይደረግ እንጂ፤ ሙሽራ ከየት ይምጣ?»

ዶክተሯ ፈገግ አለች፤ ቶሎም ኮስተር አለች። «ጥፋቱ የእኔም ነው። በመጀመሪያው ዓመት መመርመር ነበረብኝ። እርስዎ ግን ይህችን አንዷን ባያድኑ ኖሮ ዛሬ የምመረምረው ነገር ባልኖረ ነበር። የጊማ ሳን ጥያቄ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሌሎች እናቶች ያስፈልጉናል፤ ያሉት ደግሞ ኩሺባሩ ነው።»

ኩሺባሩ ከቋጥኙ ማዶ ያለችው መንደር ናት። በዚያ በኩል ከጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃ ስለሚወጣ ልዩ ልዩ እናት ኮራሎች ተርፈዋል። ነገር ግን ሁለቱ መንደሮች በአባቶቻቸው ዘመን በባሕር ወሰን ተጣልተዋል፤ በየዓመቱ በጀልባ ውድድር ላይ ይሰዳደባሉ፤ ቾኤይ በሕይወቱ አንዱ ከሌላው አንዳች ነገር ሲለምን አላየም።

የዚያኑ ሳምንት ሚስቱ የጠበሰችውን ጣፋጭ ብስኩት በጨርቅ ቋጥሮ ቋጥኙን በጀልባ ዞረ። የኩሺባሩን እናት ኮራሎች የምትጠብቀው አሮጊቷ ጠላቂ ካሚያ ፉሚ ወደቡ ላይ ተቀምጣ መረብ ትጠግን ነበር። ቀና ብላ አየችው።

«በውድድሩ ላይ መቅዘፊያውን ባሕር ውስጥ የጣልከው አንተ አይደለህም?»

«እሱ ወንድሜ ነው፣ ፉሚ ኔኔ።» ታላቅ እህትን በሚጠሩበት አጠራር ጠራት።

«ያው ነው። የእናንተ መንደር ሰው ሁሉ ከአንድ እናት የወጣ ነው የሚመስለው።»

ቾኤይ ሳይወድ ሳቀ። «የመጣሁትም በዚሁ ጉዳይ ነው» አለና የሆነውን ሁሉ ሳይደብቅ ነገራት።

ፉሚ ቋጠሮውን ፈታች፤ አንድ ብስኩት በዝግታ በላች።

«ሚስትህ ስኳር ትሰስታለች።»

«እነግራታለሁ።»

«አባትህ የአባቴን መረብ ቆርጧል።»

«ቆርጧል። አልክድም።»

መርፌዋን መረቡ ላይ ሰካች። ከእርሱ ክህደት ጠብቃ እንደነበር ፊቷ ላይ ይታይ ነበር።

«አምስት እናቶች አሉኝ» አለች በመጨረሻ። «ከአምስቱም ትወስዳለህ። ስጦታ ነው እንዳትል፤ ብድር ነው። ስትመልስ በሕይወቱ መልስ። የሞተ ኮራል ለአጥራችን የሚበቃ አለን።»

ዶክተር ኢቶካዙ ከመንግሥት ፈቃድ አወጣች። ባሕሩ ሲቀዘቅዝ ቁራጮቹ በባሕር ውኃ በተሞላ ገንዳ ቋጥኙን ዞረው መጡ። ቾኤይ የአምስቱን እናቶች ልጆች በአምስት ቀለም ምልክት ለይቶ ከሰማያዊዎቹ ጎን ተከላቸው። ሦስት ግንቦት አለፈ። በአራተኛው ግንቦት አንድ ጠዋት ዶክተሯ ከማይክሮስኮፑ ሳትነሣ በእጇ ጠራችው። እርሱም ጎንበስ ብሎ አየ፤ ክብ የነበረው እንቁላል ለሁለት፣ ሌላውም ለአራት ተከፍሏል፤ ፀንሷል። ቾኤይ ቀና አለ። ለዶክተሯ አንድ ጊዜ፣ ወደ ኩሺባሩ አቅጣጫ ዞሮም ሌላ ጊዜ እጅ ነሣ።

«የማይክሮስኮፑን ክዳን ይዘህ ነው እጅ የምትነሣው፤ መልስላት» አለው ጊማ።

ደስታው ሁለት ወር አልሞላም። የዚያ አገር በጋ በሆነው በሐምሌ ባሕሩ እንደ መታጠቢያ ውኃ ሞቀ፤ ኮራሎቹ ቀለማቸው ይሸሽ ጀመር። ዶክተሯ ጥላ እንደሚረዳ ነገረችው። የሞዙኩ ወራት አልፎ መረቦች ሁሉ ታጥበው ተቀምጠው ስለነበር ቾኤይ ጊማ ቤት ሄዶ ገና አፉን ሳይከፍት ጊማ መጋዘኑን ከፈተ። መንደሩ ሁሉ መረቡን አወጣ፤ በእርሻው ላይም እንደ ዳስ ተዘረጋ።

ለኩሺባሩም መረብ ጭነው ሄዱ። ያ ባሕር ግን ለማዕበል የተገለጠ ነው፤ የተዘረጋው መረብ ሁሉ ተበጣጠሰ። የጥልቁ ቀዝቃዛ ውኃም በዚያ ዓመት አልወጣም። ፉሚ የነገረችው ወደቡ ላይ ቆማ ነው፤ ፊቷን ወደ ባሕሩ እንዳዞረች።

«አምስቱም ሞተዋል።»

ስለ ብድሩ አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። ያ ዝምታ ቾኤይን ከስድብ ይልቅ ከበደው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ በመረቡ ጥላ ሥር እየጠለቀ የሚያየው የራሱን ሰማያዊ ልጆች ሳይሆን የሰው አደራ ነበር። በነሐሴ ዓሣ አጥማጁ ሁሉ የሚፈራውን ዐውሎ ነፋስ ሲናፍቅ ከረመ፤ የሞቀውን ውኃ በጥብጦ የሚያቀዘቅዘው እርሱ ብቻ ነውና። መረቦቹን ሰብስበው ጠበቁት። ዐውሎው መጣ። የቾኤይን የጀልባ መጠለያ ጣሪያ ይዞ ሄደ፤ ባሕሩንም አቀዘቀዘው። ቾኤይ ጣሪያ አልባው መጠለያ ሥር ቆሞ አመሰገነ።

ውኃው ሲጠራ ወርዶ አየ። የአራቱ እናቶች ልጆች ቀለማቸው ተመልሷል። ከአምስተኛዋ፣ ከባለ ቢጫ ምልክቷ ግን በሕይወት የቀረችው አንዲት ዘንግ ብቻ ነበረች።

«ብቆርጣትስ?» ሲል ዶክተሯን ጠየቀ።

«ደክማለች። ሁለቱም ወገን ሊሞት ይችላል።»

«ባልቆርጣትስ?»

«አንድ ቦታ ብቻ ትኖራለች። አንድ ክፉ በጋ ይበቃታል።»

ዓይን ዓይኗን አየ። «እርስዎ ቢሆኑ?»

«ብርዱ እስኪገባ እጠብቅና እቆርጣለሁ። ተሳስቼ ሊሆን ግን ይችላል።»

«እንግዲያው አብረን እንሳሳት።»

በብርዱ ወራት ቆረጣት። ቁራጯን ወዲያው አልወሰደም፤ «በሕይወቱ መልስ» የተባለው በጆሮው ነበር። በየማለዳው እየወረደ ሁለቱን አያቸው። አንድ ቀን የቁራጯ ግርጌ ሽቦውን ሸፍኖ ዘንጉን ጨብጦ አገኘው፤ የእናቲቱም ቁስል ድኗል። ውኃ ውስጥ ሆኖ ማልቀስ እንደሚቻል ያን ቀን አወቀ፤ መነጽሩን አጽድቶ ወጣ።

የአምስቱን እናቶች ልጆች በገንዳ ጭነው እርሱ፣ ጊማና ዶክተር ኢቶካዙ ቋጥኙን ዞሩ። ፉሚ ወደ ገንዳው አጎነበሰች።

«ቢጫዋስ?»

«አለች።»

ቁራጯን በሁለት እጇ ከነውኃው አቅፋ አወጣቻት፤ አየቻት፤ መልሳ አኖረቻት።

«ደግሞ አንድ ቋጠሮ ብስኩት አለ» አለ ቾኤይ።

ቀመሰች። «አሁን ስኳር ገብቶታል።» ከዚያም ወደ ጊማ ዞራ፣ «መቅዘፊያ የሚጥል ዘር ኮራል ሳይጥል መጣ!» አለችና የመጥለቂያ መነጽሯን አጠለቀች።

ማዕበሉ በማይበረታበት፣ ዶክተሯ በመረጠችው ጥልቅ ስፍራ፣ ቾኤይና ፉሚ ጎን ለጎን ሆነው ተከሉ።

ከአምስት እናቶች የተወሰደው ዘር ከአምስቱም በሕይወቱ ተመለሰ። ቶባሩ ቾኤይ ለኩሺባሩ የነበረበትን ዕዳ ሙሉ በሙሉ ከፍሏል።