ዶክተር ከተባልኩ በኋላ የተነገረኝ መርዶ

ወንድሞችና እኅቶች፣ ጌታ ያደረገልኝን ልናገር ቆሜያለሁ፤ ግን ከበደለኝ ሰው እጀምራለሁ። የበደለኝ ታላቅ ወንድሜ ሙሉቀን ነው። ጊዜውም የዶክትሬት ጥናቴ ሁለተኛ ዓመት፣ ፎገራ ውሃ የሞላበት ክረምት ነበር።

ወረታ ፊዚክስ ሳስተምር ኖሬ፣ የውጭ አገር የትምህርት ዕድል ያገኘሁት ፀጉሬ ከሸበተ በኋላ ነው። ከሰማይ የሚወርዱ፣ በዓይን የማይታዩ ቅንጣቶችን በሚለይ መሣሪያ ላይ ልሠራ ነበር። ሙሉቀን በሰው ፊት፣ «አንች፣ የማይታይ ልትቆጥሪ ባሕር ትሻገሪያለሽ? እኛ የሚታየውን ከብት ቆጥረን አልጨረስንም» ብሎ አሳቀብኝ። ቁሐር ሚካኤል በሚባለው መንደራችን አብራው የምትኖረው እናታችን ብቻ አልሳቀችም። የሚወርደው ነገር ሩዙን ይጎዳ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሳይሰማን በእጃችን ውስጥ ያልፋል አልኳት።

«እንግዲያ ሂጅ፤ ጨርሰሽ ነይ» አለችኝ።

የእኔ ሥራ መሣሪያው ከሚሰጠው ምልክት እውነተኛውን ከሐሰተኛው መለየት ነበር። በዚያ ክረምት ስደውል ሙሉቀን እናታችን ጠበል ገብታለች አለኝ። ከዚያ በኋላ በደወልኩ ቁጥር ጆሮዋ ከብዷል፣ ስልክ አይሰማትም ይለኝ ነበር። ድምፁ ልክ አልነበረም። የመስመሩ ችግር ነው ብዬ ጣልኩት።

ዶክትሬቴን ይዤ ስመለስ፣ ወረታ መናኸሪያ የተቀበሉኝ ዘመዶች ወደ ቁሐር አልወሰዱኝም። አክስቴ ቤት አሳደሩኝ። ማለዳ ሰዎች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ሲገቡ ገባኝ። እናቴ ከሞተች ሁለት ዓመት አልፏታል። አርባዋም ሙት ዓመቷም ወጥቷል። እኔ ግን በመመረቂያ ጽሑፌ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ዕድሜ ይስጥልኝ» ብዬ አመስግኛታለሁ።

ሙሉቀንን ለምን ደበቅኸኝ አልኩት።

«ብነግርሽ ጥለሽው ትመጭ ነበር። አትንገሯት ያለችው ራሷ ናት» አለኝ።

ማረጋገጫ የለውም። እስከ ዛሬ አላመንኩትም።

ወገኖቼ፣ አላለቀስኩም። ከማን ጋር ላልቅስ? አገሩ አልቅሶ ጨርሷል። እህል እምቢ አለኝ፤ እጄ እስክሪብቶ መያዝ አቃተው። ሐኪሙ መርምሮ በሽታ እንደሌለብኝ፣ ኀዘን እንደሆነ ነገረኝ። የሚዋጥ መድኃኒት አልሰጠኝም።

ያን ጊዜ ነው እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጠችው እኅት አስናቀች ቤቴ የመጣችው። አልሰበከችኝም። የእናቴን ስም ጠየቀችኝ። ጥሩነሽ አልኳት። መሬት ተቀምጣ፣ ዛሬ እንደተቀበረች አድርጋ አለቀሰችላት። እኔም አለቀስኩ። ስንጨርስ ኢየሱስም በወዳጁ መቃብር ደጅ እንዳለቀሰ ነግራኝ ጸለየችልኝ። ስሙ ይባረክ፣ በዚያው ሳምንት እህል በላሁ፤ በእሱም አመንኩ። ሙሉቀን ሲሰማ «እናቷን ሳትቀብር ሃይማኖቷን ቀበረች» ብሎ አስወራ። ከቀብሯ ማን እንዳስቀረኝ ግን አላወራም።

ዛሬ እጄ ጸንቷል፣ አስተምራለሁ፤ ክብር ለጌታ ይሁን። ያልተለቀሰ ኀዘን ያለባችሁ ለእሱ ንገሩት፣ ታመኑት፤ እሱ አይደብቅም። ወንድሜን ይቅር ብያለሁ ብዬ ግን በጉባኤ ፊት አልዋሽም። ባለፈው ክረምት ቁሐር ሄድኩ። ሩዝ ያርም ነበር። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና እስከ ቀትር አብሬው አረምኩ። ስለ እናታችን አላነሣንም። ወደ ወረታ ተመለስኩ።