ጋሽ ሀምዱ፣ ምስሩና ራሱን የሚሞላው ሰዓት

ጋሽ ሀምዱን መካነ ሰላም ገበያ ላይ ያየው ሰው ሁሉ የሚያውቀው በአንገቱ ነው። ያ ሰውዬ ሲሄድም ሲቆምም ሽቅብ ነው የሚያየው። «አሰላሙ አለይኩም» ሲልህ እንኳ ዓይኑ አንተ ጋ ሳይደርስ ደመናው ላይ ይቀራል። ሚስቱ ኑርጃን «ሊያጨኝ የመጣ ቀን እኔን መች አየኝ? ከኋላዬ የቆመውን ደመና ነው ያየው» እያለች ሴቱን ታስቃለች።

አምና ግን ያ ዓይን ከዳው። ገብሱን አሳጭዶ ማሳው ላይ ዘረጋና ሰማዩን አየት አድርጎ «አብሽሩ፣ ጠብ አይልም» አለ። ሰውም አመነው። የወረደው ዝናብ ግን ገብሱን ከነነዶው አበቀለው። ከዚያ ወዲያ ጋሽ ሀምዱ አንገቱን ደፋ። መሬት መሬት እያየ ነው የሚሄደው። ምን ሆነሃል ሲሉት «ዓይኔ ዋሸኝ» ይላል፣ በቃ።

ዘንድሮ የቀረችው ምስሯ ብቻ ነበረች። ምስሯ ላይ ደግሞ ሁለተኛዋ ልጁ ሀይፋ ተንጠልጥላለች። ሀይፋ መካነ ሰላም ቤት ተከራይታ አስራ አንደኛ ክፍል ትማራለች። ታላቋ ባሲማ ዓረብ አገር ከገባች ቆየች፣ ሰው ቤት ነው የምትሠራው። ወደዚያ የሚልከው ደላላ ለሀይፋም መመላለስ ጀምሮ ነበር። አመጣጡን አይቼዋለሁ፤ ጫማውን ከደጅ ይጠርግና ድምፁን እንደ ቅቤ አቅልጦ «አባባ፣ ልጅቷ እኮ ደረሰች፣ ማሻአላህ! እንዲያው ለእናንተው አስቤ ነው» ይላል። ለእናንተው! ጋሽ ሀምዱ አንድ ቀን ለቅሶ ቤት፣ ያ ሁሉ ሰው በተሰበሰበበት «ምስሬ ይግባ። ከገባ ልጄ የትም አትሄድም። ካልገባ ያኔ ና» አለው። ሰው ፊት የተባለ ነገር እኛ አገር አይዋጥም።

ባሲማ የገብሱን ነገር ሰምታ ኖሮ ዕቃ ላከች። ከዚያ የተመለሰች የሰፈር ሴት በሻንጣዋ ይዛው መጣች። ዕቃው ሁለት ነው፤ አንዱ መስታወት ያለው፣ ትንሽ ሬዲዮ የሚመስል፣ ቤት የሚቀመጥ፤ ሌላው ነጭ ቁራጭ ነገር፣ ደጅ የሚሰቀል። ሽቦ የላቸውም፣ በአየር ነው የሚነጋገሩት። መስታወቱ ብርዱን ሙቀቱን ይናገራል፣ ጥሩ ሲሆን ፀሐይ ይስላል፣ ዝናብ ሊመጣ ሲል ደመና ከነጠብታው ይስላል። ሰዓትም አለው። ባሲማ በስልክ በላከችው ድምፅ «አባ፣ እመቤቴ ከአውሮፓ ያመጣችው ነው። ሰዓቱ ከሩቅ ምልክት እየተቀበለ ራሱን በራሱ ይሞላል አሉ። ማንም እንዳይነካካው!» አለች። ማንም እንዳይነካካው። ያቺ ቃል ናት ቤቱን የበላችው።

ባትሪ ድንጋዩን ሲያስገቡበት ሰዓቱ ዜሮ ዜሮ ብሎ ጀመረና ከእውነተኛዋ ፀሐይ ጋር እንደተጣላ ቀረ። ጥጉ ላይ አንዲት ትንሽ አንቴና ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ትፈልጋለች፣ አታገኝም። ሀይፋ ከትምህርት ቤት መጥታ ልታየው እጇን ብትዘረጋ አባቷ «ተይ! እህትሽ ያለችውን አልሰማሽም?» ብሎ ጮኸባት። ልጅቷም እጇን ሰበሰበች። ነጯን ቁራጭ እሱ ራሱ አውድማው አጠገብ ግንድ ላይ ሰቀላት። ጭንቀቱ ግን አለቀቀውም። «ኑርጃን፣ ሰዓቱን ያላወቀ ዝናቡን ከየት ያውቃል?» ይላል። ኑርጃን «እኔም ሰዓት አላውቅም፣ ወጡ ሲያርር ግን አውቃለሁ» ትለዋለች። አይስቅም።

ምስሩ ታጭዶ አውድማው ዳር ተከመረ። ደቦ ተጠራ፣ በሬዎች መጡ። ሰማዩ በዓባይ በኩል ጥቁር ብሏል። ጎረቤቱ አሻግሬ መንሹን ተደግፎ «ጋሼ ሀምዱ፣ ዛሬስ ባንነካው? ሸራውን እናልብሰውና ነገ እንመለስ» አለ። ጋሽ ሀምዱ ከቤት ይዞት የወጣውን ዕቃ አየ፣ ፀሐይ ነው። ሰዓቱን አየ፣ ውሸት ነው። አንቴናዋን አየ።

እንግዲህ እኛ አገር ስልክ እምቢ ሲል የት እንደሚኬድ ሕፃንም ያውቃል። ከሰፈሩ በላይ ያለውን ጋራ ሀሎ አምባ ነው የምንለው፤ ዓረብ አገር ልጅ ያለው ሁሉ እዚያ ወጥቶ «ሀሎ! ሀሎ! ይሰማል?» ሲል ይውላል። ጋሽ ሀምዱም «ምልክት ያጣው እኮ ታች ስለሆነ ነው!» አለና ዕቃውን በጋቢው ጠቅልሎ ሽቅብ ጀመረ። አሻግሬ «ጋሼ፣ እኛስ?» ሲለው «ቆዩኝ!» አለ። ቆዩት።

ጋራው አናት ወጥቶ ዕቃውን እንደ ስልክ ወደ ሰማይ ዘረጋው፣ ወደዚያ አዞረው፣ ወደዚህ አዞረው። አንቴናዋ ያው ናት። ቁጭ ብሎ ጠበቀ። ብዙ ቆይቶ ሥዕሉ ተለወጠ፤ ደመና ከነጠብታው! «ሰማ! ሰማ!» ብሎ ቁልቁለቱን እየተንደረደረ ወረደ። ጩኸቱ ከእሱ ቀድሞ ደረሰን። «ሸራ! ሸራ አልብሱት!»

ደቦው ሸራውን ጎትቶ ክምሩ ላይ አወጣ፣ ድንጋይ ጫነበት። ጋሽ ሀምዱ ላቡን ጠርጎ ጋቢውን ሲፈታ መስታወቱ ላይ ፀሐይ ቁጭ ብላለች።

እንዲያ ያለ ፊት አይቼ አላውቅም። ዕቃውን አየ፣ እኛን አየ። ሰማዩን ግን ቀና ብሎ አላየም፤ ፈራው።

«ጋሼ» አለው አሻግሬ በቀስታ፣ «በዓይንዎ ይዩት እስቲ። ዓባይ በኩል ጨልሟል እኮ።»

«ዓይኔማ ዋሾ ነው።»

«ታዲያ ዕቃውስ አሁን አልዋሸም?»

«እሱ ከላይ ምልክቱን ተቀብሎ ነው የተስተካከለው። አሁን የሚለው ነው እውነቱ። ሸራውን ግፈፉት፣ ክምሩን ዘርጉት። በሬዎቹን አስገቡ!» ድምፁ ተሰበረ። «በአላህ ይዣችኋለሁ፣ ዛሬ ይግባልኝ። ደላላው እየጠበቀኝ ነው።»

ሰው በአላህ ከተያዘ ምን ይላል? ዘረጋነው። በሬዎቹ ገቡ፣ ሰዉ «ሆያ» እያለ መዞር ጀመረ። ምስሩ ከገለባው ገና መፈልቀቅ ሲጀምር የመጀመሪያዋ ጠብታ የአሻግሬ ግንባር ላይ አረፈች። ከዚያ በኋላማ ጠብታ ማን ቆጥሮ። ወረደ በለው! ክምር ቢሆን የላዩን ነበር የሚያርሰው። የተዘረጋ ምስር ግን ከጭቃና ከእበት ጋር ተቦካ። ሸራውን ብንጎትት ለውሃ ማጠራቀሚያ ሆነ። ኑርጃን መሐሉ ገብታ በእጇ ትዝቃለች፣ ጭቃ ነው የምትዝቀው። «ያረቢ! ያረቢ ልጄን!» ምስር አላለችም።

ጋሽ ሀምዱ ዕቃውን ታቅፎ ቆሞ ቀረ። መስታወቱ በዝናብ ርሶ ፀሐይ ያሳያል።

ሀይፋ ከትምህርት ቤት ስትጠራ የሆነውን ሁሉ ሰማች። አልጮኸችም። «አባ» አለችው፣ «ይሄ ዕቃ የሚያየው የአየሩን ክብደት ነው። ጋራ ስትወጣ አየሩ ይቀላል፣ እሱ ዝናብ መጣ ይላል። ስትወርድ ይከብዳል፣ ፀሐይ ይላል። ሰማዩን መች አየው? ያየው አንተን ነው፣ ስትወጣ ስትወርድ።»

«እህትሽ አትንኩት ስላለች ነው እኮ» አለ፣ እንደ ልጅ።

ምስሩ ሻገተ፣ የተረፈውም በቀለ። ደላላው መጣ። ጫማውን ጠረገ። ጋሽ ሀምዱ ቃሉን ሰው ፊት የሰጠ ነውና «ግባ» አለው። ኑርጃን «እምቢ በለው!» ብላ ደረቷን ብትደቃም ሀይፋ ራሷ «ተዪው እማ፣ ዘር እንኳ የለንም» አለቻት።

በመሄጃዋ ቀን ሀይፋ የደሴን አውቶቡስ ልትሳፈር ሻንጣዋን በር ላይ አቆመችና ዕቃውን አነሣች። ከኋላው አንዲት ቁልፍ ነበረች። ተጫነቻት፣ የስልኳን ሰዓት እያየች ሞላችው። ቁጥሩ ከፀሐይዋ ጋር ታረቀ።

ጋሽ ሀምዱ «ይነካል እንዴ?» አለ።

«ይነካል አባ።»

ሻንጣዋን አንሥታ ወጣች።

አሁን ጋሽ ሀምዱ ቤት ብትገባ ሰዓቱ ልክ ነው። አንቴናዋ ዛሬም ብልጭ ድርግም ትላለች፣ ያገኘችው ነገር የለም። በቀደም ኑርጃን አቧራውን ልትወለውል ጨርቅ ይዛ ጠጋ ብትል ከተቀመጠበት ተፈናጥሮ እጇን ያዘ።

«ተይው! ሀይፋ የሞላችው ነው። የባትሪው ድንጋይ እስኪያልቅ ማንም እንዳይነካው።»