ከጅብራው በስተግራ ያለችው

ባለፈው ሰኔ የመምህራን ማረፊያ ክፍላችን ጣሪያ አፈሰሰና መደርደሪያው ላይ የተከመሩት አሮጌ ጋዜጦች በሰበሱ፤ የጽዳት ሠራተኛዋ ከሰል አቀጣጥላ አንድ በአንድ እየዘረጋች ስታደርቃቸው ያ ጠረን መጣብኝ። እርጥብ ወረቀት ሲሞቅ የሚሰጠው፣ ትንሽ የኮመጠጠ፣ ትንሽም የቀለም ሽታ ያለው ጠረን ነው። የፈተና ወረቀት እያረምኩ ነበር፤ ብዕሬን አስቀምጬ ተነሳሁ፣ በመስኮት መንገዱን አየሁ፣ ተመልሼ ተቀመጥኩ፣ እንደገና ተነሳሁ። ያ ጠረን ባለበት ቤት ያደገ ሰው ቁጭ ብሎ መጠበቅ አይሆንለትም።

አባቴ አዳነ የዕፅዋት ተመራማሪ ነበር። የስሜን ተራሮችን ዕፅዋት ለሚያሰባስብ አንድ ተቋም ይሠራ ስለነበር፣ የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ ከቡይት ራስ ባሻገር በድንኳን ያሳልፍ ነበር፤ እናቴ አልጋነሽ፣ ታናሽ ወንድሜ አቤልና እኔ ደግሞ ደባርቅ ከመናኸሪያው ጀርባ በኪራይ ቤት እንኖር ነበር። ሥራው እንዴት እንደሚሠራ ካላስረዳሁ የቤታችን ነገር አይገባም። ተክሉ ከነሥሩ ይነቀልና በጋዜጣ መሃል ይዘረጋል፣ ጋዜጣው በሁለት የእንጨት ርብራቦች መካከል ገብቶ በጠፍር ጥብቅ ተደርጎ ይታሰራል፣ ወረቀቱ የተክሉን ውሃ ስለሚጠጣም በየቀኑ በደረቅ ወረቀት ይቀየራል። አንድ ቀን ከታለፈ ተክሉ ይሻግታል። ክረምት ላይ ተራራው ላይ የሚደርቅ ነገር ስለሌለ፣ አባቴ እስሮቹን በበቅሎ ጭኖ ወደ ቤት ይልካቸው ነበር፤ ወረቀት የመቀየሩና የማድረቁ ሥራ የእናቴ ነበር።

እናቴ ቀን ቀን በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ትሠራ ነበር። ከሥራ ስትመለስ ነጠላዋን እንኳ ሳታስቀምጥ ከሰሉን አያይዛ፣ ከግድግዳ ግድግዳ በተወጠሩት ገመዶች ላይ እርጥቦቹን ጋዜጦች ትሰቅል ነበር፤ እኛም ከሐምሌ እስከ ጳጉሜን ድረስ በቤታችን ውስጥ ጎንበስ ብለን ነበር የምንሄደው። ጣሪያው በአንድ በኩል ማፍሰስ ሲጀምር ምድጃውን ወደ ሌላው ጥግ ትወስዳለች፣ እዚያም ሲያፈስ ወደ ጓዳ ታስገባለች፣ አቤልና እኔም ጦስኝና የአስታ ቅጠል የሚሸቱ ወረቀቶችን ታቅፈን እንከተላታለን። በዚያ ሁሉ ጋዜጣ መካከል ቀና ብሎ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።

በየገበያው ቀን ጋሽ ሙላት የሚባሉ የፓርኩ ጥበቃ ስካውት ከተራራው ይወርዱ ነበር። ጠመንጃቸውን ከበሩ መቃን ላይ አስደግፈው፣ ከካፖርታቸው የውስጥ ኪስ የአባቴን ደብዳቤ ያወጡና ለእናቴ በሁለት እጃቸው ይሰጧት ነበር። እናቴ ቆማ ጮክ ብላ ታነብልናለች፤ አቤልና እኔ የምንጠብቀው ስማችን የሚጠራበትን ቦታ ነበር። ደብዳቤው የሚጀምረው «ውድ አልጌ፣ ለጤናሽ እንዴት ነሽ» ብሎ ነው፣ ከዚያ ስለ አንድ ገደል አፋፍ፣ ስለ ውርጩ፣ ቅጠሉ በስተጀርባ ጸጉር ስላለው አንድ ተክል ሁለት ገጽ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ «መሠረትንና አቤልን ሳሚልኝ፤ ወረቀቶቹን መቀየር እንዳትረሺ» ይላል።

አንድ ቀን ስማችን የለም። እናቴ ወረቀቱን ገልብጣ ጀርባውን አየች።

«እኔስ?» አለ አቤል።

«አቤል ጎበዝ ልጅ ነው፣ እናቱን ይርዳ ይላል» አለች፣ ዓይኗን ከወረቀቱ ሳትነቅል። እኔ በክንዷ ሥር አንገቴን አስግጌ ነበር፤ ማንበብ የተማርኩት በዚያ ዓመት ነው፣ መጨረሻ ላይ የተጻፈው ስለ ወረቀቶቹ ብቻ ነበር።

መስከረም ሲጠባና ሰማዩ ሲከፈት ፎቶዎቹ ይመጡ ነበር። ፊልሙ በአውቶቡስ ጎንደር ሄዶ ታጥቦ የሚመለስ ስለነበር፣ ፖስታው ሲደርስ ቤቱ ውስጥ ግርግር ይሆን ነበር፤ ይሁንና ፎቶዎቹ ሁሉ የተክል ነበሩ። ሰው ከታየባቸው ሰውየው የቆመው የተክሉ ቁመት እንዲታወቅ ነው። ሰው በሌለበት ደግሞ አባቴ ጥቁርና ነጭ ተደርጎ የተቀባ መለኪያ ዱላ ያቆም ነበር። ጎረቤታችን እትዬ ሐዋ፣ መናኸሪያው አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡት፣ አንድ ቀን አልበሙን ከዳር እስከ ዳር ገለጡና ለእናቴ መለሱላት።

«አልጌ፣ ይሄ እኮ ሁሉም ቅጠል ነው። የአንቺ ፎቶ የታለ?»

«አለሁበት እንጂ» አለች እናቴ። «ያችውልዎት፣ ከጅብራው በስተግራ ያለችው።»

እትዬ ሐዋ አልበሙን ወደ መስኮቱ አስጠግተው አዩት። እውነትም ነበረች፤ አንድ በጋ አባቴን ልትጠይቅ ወጥታ፣ ከሰው ሁለት እጥፍ በሚረዝመው የተራራ ተክል፣ በጅብራው ጥግ፣ ነጠላዋን ነፋስ ፊቷ ላይ ጥሎባት ቆማለች። ሁለቱም እስኪደክማቸው ሳቁ።

በዚያው ዓመት ጥቅምት ዳባት ባለ አንድ ማሠልጠኛ የዕፅዋት መምህር እንደሚፈለግ ተሰማ። አባቴ የዳባት ልጅ ስለሆነ የሚያውቁት ሰዎች ስሙን ጠቁመውለት ነበር፤ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቀርቦ እሺ ካለ ሥራው የእሱ ነው ተባለ። እናቴ ይህንን ጽፋ ላከችለት። መልሱ በሚቀጥለው የገበያ ቀን ደረሰ፦ ከዓመታት በፊት ምልክት ያደረገበት አንድ ጅብራ ገና አሁን አበበ፣ ፍሬውን እስኪጥል መጠበቅ አለበት፣ ከዚያ በኋላ ይታሰባል። ጅብራ በዕድሜው አንዴ ብቻ አብቦ ይሞታል፤ ስለዚህ አባቴ እውነቱን ነበር። ግን ማሠልጠኛው ጅብራውን አይጠብቅም፤ እናቴም እውነቷን ነበር።

«ይህንን ካሳለፈው ልጆቼን ይዤ ጎንደር እህቴ ዘንድ እገባለሁ» ስትላቸው ሰማሁ፣ ለእትዬ ሐዋ፣ ከመጋረጃው ወዲያ። «ሚስት ነኝ ወይስ ጋዜጣ አድራቂ? እኔም ልወቀው።»

ከዚያ ቀን በኋላ አንድ ቦታ መቆየት አቃተኝ። ከትምህርት ቤት ስወጣ ወደ ቤት ሳይሆን ወደ ፓርኩ በሚወስደው መንገድ እሮጥ ነበር፤ ጥቂት ቆሜ፣ የሚወርደው በቅሎ የሌላ ሰው መሆኑን አይቼ፣ እናቴ እቃ ማሰር የጀመረች እየመሰለኝ ወደ ቤት እሮጥ ነበር፤ ቤት ስደርስ ደግሞ አባቴ በዚያች ቅጽበት የመጣ እየመሰለኝ እንደገና ወደ መንገዱ። መምህራችን ሥራ ስትሰጠን የመጀመሪያውን ጥያቄ ሳልጨርስ ሦስተኛውን እጀምር ነበር። ዛሬ እንዲህ የሚያደርግ ተማሪ ሳይ ከቤቱ ማን እንደጎደለ እጠይቃለሁ።

ኅዳር ሲጋመስ እናቴ የእሑድ ልብሳችንን አልብሳ ወደ ፎቶ ቤት ወሰደችን። ቤት የተቀመጠውን የአባቴን ትርፍ መለኪያ ዱላ ይዛ ነበር። ፎቶ አንሺው፣ ቀጭን ወጣት ነው፣ የፕላስቲክ አበባ ማሰሮ አምጥቶ በእኔና በአቤል መሃል አስቀመጠ።

«አበባውን አንሣልኝ» አለችው። «አበባ ሰልችቶኛል።» ዱላውን በአበባው ቦታ አቆመችው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው፣ እትዬ?»

«አባታቸው ያለሱ አያይም።»

ፎቶው ደርሶ ሲመጣ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ፣ ከደረቁት ተክሎች ግርጌ ከሚለጠፉት ትናንሽ ወረቀቶች አንዱን አወጣች። በእነዚያ ወረቀቶች ላይ ተክሉ የት እንደተገኘ፣ አካባቢው ምን እንደሚመስል፣ ማን እንደሰበሰበው ይጻፋል፤ አባቴ የሚልከውን በዚያ ውብ ጽሕፈቷ የምትገለብጠውም እሷ ነበረች። እኔ አጠገቧ ቆሜ አነበብኩ፦ «የተገኘበት ቦታ፦ ደባርቅ፣ ከመናኸሪያው ጀርባ። ቁመት፦ በፎቶው ይታያል። አካባቢው፦ የኪራይ ቤት፣ ጣሪያው የሚያፈስ። ሁኔታ፦ ትልቋ አትቀመጥም፤ ትንሹ የአባቱን ድምፅ ረስቷል። የሰበሰበው ሰው፦ ያልታወቀ።» ሳቅኩ። ቀና ስል እናቴ አትስቅም ነበር። ወረቀቱን ከፎቶው ግርጌ ለጥፋ፣ ሌላ አንድ ቃል ሳትጨምር ለጋሽ ሙላት ሰጠቻቸው።

በሚቀጥለው ገበያ ጋሽ ሙላት ባዶ እጃቸውን መጡ።

«መልስ የለም?» አለቻቸው።

«የለም፣ ልጄ። አየውና ኪሱ ከተተው። ጥቂት ቆይቶ አወጣና እንደገና አየው። ከዚያ ወዲያ እህልም አልቀመሰ፣ ከእኛም ጋር አልተጫወተ፤ ወዲያ ወዲህ ሲል ነው የዋለ።»

እናቴ ሁለት ካርቶን ከእትዬ ሐዋ ሱቅ አስመጣች። ከኅዳር የቀሩት ጥቂት ቀናት ነበሩ። በየቀኑ መንገድ ላይ የምቆመው እኔ፣ አባቴ በመጣበት ቀን ግን ቤት ውስጥ ሳህን በጋዜጣ እየጠቀለልኩ ነበር። በሩን ከፍቶ ሲገባ አቤል ካርቶኑ ጀርባ ተደበቀ። ጺሙ አድጎ፣ ከንፈሩ በውርጭ ተሰነጣጥቆ ነበር። እናቴ ከተቀመጠችበት አልተነሳችም። አባቴ ከኪሱ ፎቶውን አወጣ።

«አልጌ፣ ይሄ ነገር ስሕተት አለበት።»

«ምኑ ላይ?»

«ሰብሳቢው ያልታወቀ ናሙና ተቀባይ የለውም።»

«ታዲያ ይጣላ።»

«እኛን ነው የሚጥሉን?» አለ አቤል ከካርቶኑ ጀርባ።

አባቴ ካርቶኑ ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። ውስጡ ያለው ሳህን ተንቋቋ፤ እናቴ «ሳህኔን» ብላ እጇን ዘረጋች፣ እሱም እጇን ያዘው።

«ለዳባት ነው ለጎንደር ያሰርሻቸው?» አላት።

«አውቶቡሱ መጀመሪያ ዳባት ይቆማል» አለች። «ከዚያ ወዲያ አንተ ታውቃለህ።»

«ነገ እንሂድ።»

«ጅብራውስ?»

«አልጣለም ገና። ጋሽ ሙላት ያዩልኛል።» ይህንን ሲናገር ወደ መሬት ነበር የሚያየው። እናቴም ከዚያ በላይ አልጠየቀችውም።

በማግስቱ አራታችንም ዳባት ወረድን። አባቴ ማሠልጠኛው ገብቶ እሺ ብሎ ወጣ፤ የጅብራውን ፍሬ በዓይኑ አላየም። ዓመት ሙሉ ከሥራ ሲመለስ ደጃፉ ላይ ይቆምና ወደ ሰሜን፣ ወደ ተራራው ያይ ነበር፤ የሚቆመው እኛ ደጃፍ መሆኑ እኔን ደስ ስለሚያሰኘኝ፣ ምን እንደሚያይ አልጠየቅኩትም።

አሁን ደባርቅ አስተምራለሁ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ዳባት ወላጆቼ ዘንድ እወርዳለሁ። ደብዳቤዎቹንና ፎቶዎቹን በየወቅታቸው ለይቼ በካርቶን አስቀምጬላቸዋለሁ፤ የክረምቶቹ ያበጡና ቀለማቸው የፈሰሰ፣ የበጋዎቹ ቀጥ ያሉ ናቸው። ልጅ ሳለሁ ሁላችንም አንድ ቤት ከገባን ዕረፍትም አብሮን የሚገባ ይመስለኝ ነበር። ለአባቴ አልገባም፤ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ሻዩን ሳይጨርስ ይነሳና በጓሮ አድርጎ ወደ ወንዙ ይሄዳል፣ ሣር ነገር ይዞ ይመለሳል፣ እንደገና ይወጣል። ለእኔም አልገባም፤ ምሳ ሳይቀርብ ስለ መመለሻ መኪና አስባለሁ። እናቴ ግን ተቀምጣለች። ወንበሯን ፀሐይ በሚገባበት በኩል አድርጋ፣ እግሯን ዘርግታ፣ የምትሠራው ሥራ ሳይኖር ትቀመጣለች፤ ወዴት ነህም አትለውም። የአጥሩ በር ሲንሲያጠጥ ቀና ሳትል የእሱን ብርጭቆ ትሞላለች።