ለግራ እግር ሥራ የሌላት መኪና

አባቴ ደርግ ከወደቀ ጀምሮ ከነገሌ አዲስ አበባ ባለተሳቢ የጭነት መኪና ሲነዱ ያረጁ ሰው ናቸው። ስትሮክ መቷቸው ግራ እግራቸው አልታዘዝ ካለ ወዲህ ግን በራችን ላይ ወንበር አስወጥተው መዋል ሆነ ሥራቸው። መጀመሪያ ሰሞን መኪና ዳገቱ ላይ ሲያቃስት በሰሙ ቁጥር «ይኼ ደንቆሮ! ማርሽ አይቀንስም?» እያሉ ይሳደቡ ነበር። ቆይተው መሳደቡንም ተዉት። ያኔ ነው የፈራሁት። አባቴ እዚያ ወንበር ላይ እያየኋቸው እያለቁብኝ ነበር።

እኔ ደግሞ እጄን አጣጥፌ የምቀመጥ ሴት አይደለሁም። ሥራዬ ውሃ ማመላለስ ነው፤ በድርቅ ጊዜ ፒካፔ ላይ የውሃ ታንከር የጫነ ተሳቢ ቀጥዬ በአሬሮ መንገድ ላሉ መንደሮች አደርሳለሁ። አሮጌዋ ፒካፕ ስትደክም በምትኳ አውቶማቲክ ገዛሁ። ሰፈሩ ሁሉ ሳቀብኝ። «ይቺ የከተማ ቅምጥል ተሳቢ ልትጎትት? ካምቢዮዋን አቃጥለሽ ትመጫለሽ!» አሉኝ። ያሰብኩትን ለማንም አልተናገርኩም። የአባቴን ሐኪም ጠይቄ ጨርሻለሁ፤ ቀኝ ጎናቸውም ዓይናቸውም ደህና ነው፣ የጎደለችው ፍሪሲዮን የምትረግጠው እግር ብቻ ናት። አውቶማቲክ ደግሞ ፍሪሲዮን የለውም።

አባቴ ግን መኪናዋን ሊያይዋት እንኳ አልፈለጉም። «ማርሽ የሌለው መኪና መኪና ነው እንዴ? ባጃጅ እንኳ ማርሽ አለው!»

አንድ ጠዋት ታንከሩን ውሃ ሞልቼ ወደ መንደሮቹ ልወጣ ስል «አባባ፣ አየር ለመቀበል እንኳ ይምጡ» ብዬ ለምኜ ጋቢና አስገባኋቸው። ወንድሜ፣ እሱም የጭነት ሾፌር ነው፣ ያን ቀን አርፎ ነበርና «እኔ ልንዳልሽ» ብሎ ቁልፉን ነጠቀኝ። «አውቶማቲክ ነድተህ ታውቃለህ?» ስለው «ምን የሚያቅት ነገር አለው!» አለኝ። ከኋላ ወንበር ተቀመጥኩ።

ገና ከከተማው ሳንወጣ ጉድ ፈላ። የለመደ እግር መች ምክር ይሰማል፤ ወንድሜ ማርሽ ሊቀይር አስቦ በግራ እግሩ ፍሪሲዮን ብሎ የረገጠው ፍሬኑን ነው። መኪናዋ ቀጥ! ተሳቢው ከኋላ ገፍቶ አንገጫገጨን፤ ቀበቶው ባይዛቸው የአባቴ ግንባር መስታወቱን ባገኘው ነበር። ልቆጣ አፌን ስከፍት አባቴ ሳቁ። ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። «ሾፌር ተብዬው! የሌለ ፔዳል ይረግጣል!» ከታመሙ ወዲህ እንዲያ ሲስቁ አይቼ አላውቅም።

ወደ ዳዋ ወንዝ የሚወርደው ቁልቁለት ላይ ስንደርስ ግን ሳቁ ቀረ። ወንድሜ ማርሹን ዲ ላይ፣ መኪናዋ ራሷ በምትቀያይርበት፣ ትቶ ፍሬኑን ብቻ ይረግጣል። የታንከሩ ውሃ ከኋላ ይገፋናል። የተቃጠለ ፍሬን ሽታ ጋቢናውን ሞላው።

«ማርሽ ቀንስ!» ብለው አባቴ ጮኹበት።

«አውቶማቲክ እኮ ነው አባባ፣ ራሱ ይቀንሳል!»

«ራሱ የት ያውቃል ከኋላው ውሃ እንዳለ?» አልኩ እኔ። «ወደ ሁለት ሳበው! ሱታ፣ ሱታ፣ ቀስ ብለህ!»

ሳበው። ሞተሩ ጮኸ፣ መኪናዋ ሰብሰብ አለች፣ ፍሬኑም አረፈ። አባቴ ዞር ብለው አፈጠጡብኝ።

«ማርሽ አላት ማለት ነው?»

«አላት እንጂ! ባዶዋን ሜዳ ላይ ከሆነች ዲ ይበቃታል። ተሳቢ ስትጎትት ግን የሚያዛት ሾፌር ትፈልጋለች። ቁልቁለትም ሆነ ዳገት ወደ ሁለት፣ ከባሰም ወደ ኤል፣ ወደ መጨረሻው ዝቅተኛ።»

አባቴ ማርሹን አተኩረው አዩት። ቁልቁለቱን ጨርሰን ሜዳው ላይ ስንደርስ ወንድሜን «አቁም» አሉት። «ውረድ።»

«አባባ፣ እግርዎስ?»

«የእኔ እግር ካንተ ይሻላል። ሞቷል፣ አርፎ ይተኛል። ያንተ ደህናው ሊገድለን ነው!»

ደግፈን መሪው ፊት አስቀመጥናቸው። መሪውን ጨብጠው መስታወቶቹን አስተካከሉና መኪናዋን አስነሱ። ወንዙን ተሻግረን ዳገቱ ሲጀምር፣ ማንም ሳይነግራቸው ማርሹን ወደ ሁለት አወረዱት። ያ ሁሉ ውሃ ከኋላችን እየተከተለ ወጣ። ደስታዬ አላስችል ብሎኝ እልልታዬን ለቀቅኩት።

«ዝም በይ!» አሉኝ። «ሞተሩን ልስማበት!»

መንደሩ ስንደርስ ሴቶቹ ጀሪካን ደርድረው ይጠብቁን ነበር። የመንደሩ ሽማግሌ «አካም፣ አካም» እያሉ፣ ሰላምታ እየሰጡ፣ እኔን አልፈው ቀጥታ ወደ ሾፌሩ ሄዱ። ሌላ ቀን ቢሆን እቆጣ ነበር። አባቴ በመስኮቱ እጃቸውን ዘርግተው ተጨባበጡ፤ ስለ ዝናብ፣ ስለ ከብት፣ ስለ መንገዱ መበላሸት ወሬያቸውን ያዙ። ውሃው ተቀድቶ እስኪያልቅ ከመሪው አልተነሱም።

አመሻሽ ላይ ቤታችን በር ስንደርስ ሞተሩን አጠፉና ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱት።

«ነገ በስንት ሰዓት ነው የምንወጣው?» አሉኝ።

«በአሥራ ሁለት ሰዓት፣ አባባ።»

«አሥራ ሁለት! ፀሐይ አናት ላይ ወጥታ ነው ጭነት የሚወጣው? በአሥራ አንድ ቀስቅሺኝ።»