ከእስክሪብቶው መስመር ያለፈው እብጠት

ልጄ ሶስና ማንከስ የጀመረችው ማክሰኞ ጠዋት ነው። ከአልጋዋ ወርዳ ወደ በሩ ስትሄድ ቀኝ እግሯን ሙሉ በሙሉ አልረገጠችውም። "ምን ሆነሽ?" አልኳት። "ምንም" አለችኝ። ሰባት ዓመቷ ነው። አመንኳት፤ ያመንኳት ማመን ስለተመቸኝ ነው።

ይህን የምጽፈው እንደ እኔ እዚህ ጁባ ልጅ ለምታሳድጉ፣ ሐኪም ቤት ከመሄዳችሁ በፊት በራሳችሁ ለማዳን ለምትሞክሩ ወላጆች ነው። ጥፋቴን አልደብቅም። ሌላውን ለመምከር የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የራሱን ጉድ መናገር አለበት ብዬ አምናለሁ።

ሥራዬ የውኃ ፓምፕ መግጠምና መጠገን ነው። ካስተም ገበያ አጠገብ ትንሽ ወርክሾፕ አለኝ። ትምህርቴን ከስድስተኛ ክፍል አቋርጬ የቀረውን ከማኑዋልና ከተበላሹ ሞተሮች ተማርኩ። በዚህ እኮራለሁ። ኩራቱ ግን ከፓምፑ አልፎ ወደማላውቀው ነገር ሁሉ ተዛመተ። ቤታችን ውስጥ መድኃኒት የሚያዘው እኔ ነበርኩ። ባለቤቴ ራሔል "ዶክተሬ" እያለች ትቀልድብኛለች፤ እኔ ቀልዱን እንደ ማዕረግ ነበር የምቀበለው።

ከዚያ ማክሰኞ በፊት በነበረው ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሶስና ግቢያችን ውስጥ ስትሮጥ የአጥሩ ቆርቆሮ ጫፍ ቅልጥሟን ቀደደው። ቁስሉ የአንድ ጣት ያህል ርዝመት ነበረው፤ ጥልቅ አይመስልም። ማልቀስ ስትጀምር "በይ ተይ፣ ጎበዝ ልጅ አታለቅስም" አልኳት። ለቅሶዋን ዋጠችው። ደሙን በእርጥብ ጨርቅ ጠረግኩና አባቴ ሲያደርግ ያየሁትን አደረግኩ። ብዙዎቻችሁም ታውቁታላችሁ። የቴትራሳይክሊን እንክብል ከፍቼ ዱቄቱን ቁስሉ ላይ ነሰነስኩት። ቅዳሜም ደገምኩት። እሑድ ከጸሎት ቤት ስንመለስ ቁስሉ ላይ ቢጫ፣ ጠንካራ ቅርፊት ተሠርቶ ነበር።

"ደርቋል፣ አለቀ" አልኩ።

ራሔል በእጇ ጀርባ ዙሪያውን ነካችና "ይሞቃል እኮ" አለችኝ።

"ሲድን ይሞቃል" ብዬ መለስኩላት። ይህን ከየት እንዳመጣሁት እስከ ዛሬ አላውቅም።

ማክሰኞ በማንከስ ተጀመረ፤ አመሻሹ ላይ ትኩሳት ተጨመረ። ጁባ ውስጥ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነው ብለን እንጀምራለን። ሳላስመረምራት የወባ መድኃኒት ሰጠኋት። ረቡዕ ጠዋት ብሽሽቷ ላይ ንፍፊት ወጣ። ይህንንም አውቀዋለሁ አልኩና በዘይት አሸሁት። ሶስና የትራሷን ጫፍ ነከሰች።

ራሔል የዘይቱን ጠርሙስ ከእጄ ወሰደች።

"የሶስና አባት፣ ካላስ፣ በቃ" አለችኝ። "ሐኪም ቤት እወስዳታለሁ። መምጣት ከፈለግህ ና።"

ተከትያቸው ሄድኩ። በልቤ ግን የሄድኩት ልከራከር ነው።

ክሊኒኩ ከገበያው ጀርባ ያለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። የተቀበለችን ነርስ ኛቦል ትባላለች። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ያደገችውና ነርስነት የተማረችው ግን ጋምቤላ በመሆኑ አማርኛዋ ከእኔ ይፈጥናል። ሶስናን አልጋው ላይ አስቀመጠችና እኔን ትታ ከእሷ ጋር ማውራት ጀመረች።

"የቱ ጋ ነው የሚያምሽ?"

"አያመኝም።"

"አያመኝም በይ ያለሽ ማነው?"

ሶስና ወደ እኔ አየች። ኛቦልም አየችኝ። ገባኝ።

ትኩሳቷን ለካች፤ ሠላሳ ዘጠኝ ከሁለት። ጣቷን ወግታ የወባ ምርመራ አደረገችና ኔጌቲቭ ነው አለች።

"ጁባ ውስጥ ታዲያ ትኩሳት ሌላ ምን ያመጣዋል?" አልኳት።

"እርስዎ የከደኑት ነገር" አለችኝ።

ጎዝ በሳላይን፣ በንጹሕ የጨው ውኃ፣ ነክራ ቅርፊቱ ላይ አስቀመጠችና እስኪርስ ጠበቀች። ከዚያ ቀስ ብላ አነሣችው። መግል ወጣ። ብዙ ነበር። ይሸታል። ሶስና ጮኸች።

"ጩኺ፣ የእኔ ቆንጆ" አለቻት ኛቦል። "እንደፈለግሽ ጩኺ፣ እግርሽን ብቻ እንዳታንቀሳቅሺብኝ።"

ቁስሉን አጥባ ስትጨርስ ወደ እኔ ዞረች።

"ጋሼ፣ ሥራዎ ምንድን ነው?"

"የፓምፕ መካኒክ ነኝ።"

"የሚያፈስ ፓምፕ ሲመጣልዎት ላዩን ቀለም ቀብተው ነው የሚመልሱት?"

ራሔል አፏን በእጇ ሸፈነች። ኛቦል ዱቄቱ ከደሙ ጋር ተጋግሮ ክዳን እንደ ሆነ፣ መግሉም ከሥር ሆኖ መውጫ እንዳጣ አስረዳችኝ። የደረቀው ላዩ ብቻ ነበር። ንፍፊቱ ደግሞ ሰውነቷ ከኢንፌክሽኑ ጋር እየተዋጋ መሆኑን የሚናገር ምልክት እንጂ የሚታሽ ነገር አልነበረም።

ቀጥላ ያደረገችውን እስከ ዛሬ በአድናቆት አስታውሰዋለሁ። ከኪሷ ሰማያዊ እስክሪብቶ አወጣች። ዓይኗን ጨፍና ከጤነኛው ቆዳ ተነሥታ በሁለት ጣቶቿ ጫፍ ወደ ቁስሉ እየዳሰሰች መጣች። ሙቀቱና ጥንካሬው የሚጀምርበት ቦታ ስትደርስ ነጥብ አደረገች። እንዲህ እያለች ዙሪያውን ጨረሰች፤ ነጥቦቹን በመስመር አገናኘችና አጠገቡ ሰዓቱን ጻፈች። እኔ ሃያ ዓመት ሙሉ በመለኪያ ስሠራ እንደዚህ ያለ ንጹሕ ሥራ ብዙ አላየሁም።

"የቆሰለ ቦታ ሲመረቅዝ ይቀላል ይባላል" አለችን። "እንደ እኛ ባለ ቆዳ ላይ ግን መቅላቱ ላይታይ ይችላል። ጠቆር ይላል፣ ያብረቀርቃል፣ አንዳንዴ ወደ ሐምራዊ ይሄዳል። ዓይናችሁን ብቻ አትመኑ። በእጃችሁ ጀርባ ንኩት፤ ከደህናው እግሯ ጋር አስተያዩት።"

ሕመሙ ሴሉላይተስ እንደሚባል ነገረችን፤ ቆዳውንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ የያዘ ኢንፌክሽን ነው። የክትባት ካርዷን ጠይቃ የቴታነሱን አየች። የመጀመሪያውን አንቲባዮቲክ በመርፌ ሰጠቻት፤ የሚዋጠውንም በሰዓት ከፋፍላ ጻፈችልን።

"ነገ ከሰዓት በኋላ አያታለሁ" አለች። "እስከዚያ እብጠቱ ወይም ሙቀቱ ከዚህ መስመር ካለፈ፣ ካስመለሳት፣ ወይም ድክም ካላት ቀጠሮውን አትጠብቁ። በዚያው ደቂቃ አምጧት።"

ሐሙስ ወርክሾፔን አልከፈትኩም። በየሁለት ሰዓቱ እብጠቱን በእጄ ጀርባ ነካሁት። ጠዋት መስመሩ ላይ ነበር። ረፋዱ ላይም መስመሩ ላይ ነበር። እኩለ ቀን ላይ ሁለት ጣት አልፎታል። ከጉልበቷ በላይ ቀጭን፣ ጠቆር ያለ መስመር ወደ ጭኗ ወጥቷል። ያን መስመር ማንም አልሣለውም። ሶስናን አስመለሳት። ስሟን ጠራሁ። ቶሎ አልመለሰችልኝም።

አቅፌያት ወጣሁ። ራሔል ራክሻ፣ ያው ባጃጅ፣ አስቆመች።

ኛቦል እግሯን አየችና "ሆስፒታል" አለች። አጭር የሪፈር ወረቀት ጽፋ ማኅተም መታችበት፤ በሽተኞቿን ለሥራ ባልደረባዋ አስረከበችና ራክሻው ላይ ከእኛ ጋር ወጣች። ማንም አልጠየቃትም። መንገዱን ሙሉ ዓይኗን ከሶስና ደረት ሳታነሣ ትንፋሿን በሰዓት ስትቆጥር ነበር። ሆስፒታሉ በር ላይ ዘበኛው ሲያቆመን በጁባ ዐረብኛ ምን እንዳለችው አልገባኝም፤ በሩ ግን ተከፈተ።

የተቀበለን ሐኪም ወጣት ነው። የተናገረውን ኛቦል ተረጎመችልን።

"ኢንፌክሽኑ ወደ ደሟ መግባት ጀምሯል። ሴፕሲስ እንለዋለን። ዛሬ ስለመጣችሁ ስለ እግሯ እናወራለን። ነገ ቢሆን ኖሮ የምናወራው ስለ እግሯ ሳይሆን ስለ ነፍሷ ነበር።"

ግድግዳውን ያዝኩ።

ሐኪሙ መስመሩን ማን እንደሣለው ጠየቀ። ኛቦል እጇን አነሣች። በአንድ ቀን ውስጥ ምን ያህል እንደተስፋፋ የሚያውቀው በዚያ መስመርና በተጻፈው ሰዓት መሆኑን ነገራት። እሷ ራሷን ነቅንቃ ወደ ሶስና ዞረች። ሙገሳን እንዲህ የሚቀበል ሰው አከብራለሁ።

የእጇ ደም ሥር ላይ ካኑላ ገባላት። ግሉኮስ ተሰቀለ። ሴፍትሪያክሶንና ክሎክሳሲሊን የሚባሉ አንቲባዮቲኮች በደም ሥር ተጀመሩላት። ከዚያ ቁስሉን ከፍተው መግሉን ለማፍሰስ ወደ ኦፕሬሽን ክፍል ወሰዷት። በሩ ተዘጋ። ራሔል ጸለየች። እኔም ጸለይኩ። ጸሎቴ አጭር ነበር፤ የማላውቀውን አውቃለሁ ማለቴን ይቅር በለኝ፣ ልጄን በእኔ ጥፋት አትውሰዳት።

ወጣች። ተኝታለች። እግሯ በፋሻ ተጠቅልሏል። እግሯ አለ።

ቅዳሜ ትኩሳቱ መውረድ ጀመረ፤ እሑድ ከሰዓት በኋላ ዓይኗን ገልጣ ማንጎ እንደምትፈልግ ስትናገር ራሔል ማንጎውን ልታመጣ ሳይሆን ልታለቅስ ወደ ኮሪደሩ ወጣች፤ ማንጎውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ከሆስፒታል በስድስተኛው ቀን ስንወጣ ቁስሉ እንዳይዘጋ ተደርጎ ክፍት ቀርቶ ነበር፤ ከውስጥ ወደ ውጭ እየሞላ መዳን ስላለበት ለሦስት ሳምንት ያህል በየቀኑ እየታጠበ በንጹሕ ጎዝ መሸፈን ነበረበት። ኛቦል ይህን ሥራ ለእኔ አስተማረችኝ። እጄን በሳሙና እንድታጠብ አዘዘችኝ፤ ታጥቤ ስመጣ ፎጣውን ነክተዋል ብላ መለሰችኝ፤ ሁለተኛ ጊዜ ኪሴን ነክቼ ነበርና አሁንም መለሰችኝ። በአራተኛው ቀን ከራሴ እስከ ጥፍሬ ተመለከተችኝና "ኩዌስ፣ ጥሩ ነው" አለች። ከዚያ በፊት ያገኘሁት ሙገሳ ሁሉ እንደዚያ ቃል አላስደሰተኝም።

አንድ ቀን ቤት ውስጥ ቁስሉን ሳጥብላት ሶስና እጄን ያዘችና "አባዬ ያመኛል፣ ቀስ በል" አለችኝ። ቆምኩ። ሰባት ዓመት ሙሉ ልጄን ጥንካሬ አስተማርኩ ብዬ ሳስብ፣ ያስተማርኳት ሕመሟን ከእኔ መደበቅ ነበር። ጀግንነቷ የእሷ ነው፤ ጥፋቱ የእኔ። "እሺ፣ ቀስ እላለሁ፤ ሲያምሽ እንዲህ ንገሪኝ" አልኳት። ነገረችኝ፤ ከዚያ በኋላ እንዲያውም ሳይነካትም መንገር ጀመረች፤ አልተቆጣሁም።

ኛቦልን በምን እንደማመሰግናት አላውቅም። በአንድ ቅዳሜ ሄጄ የክሊኒኩን ፓምፕ ፈታሁላት፤ የእጅ መታጠቢያው ውኃ ከቆመ ቆይቶ ነበር። በራፉ ላይ ቆማ ላዩን ብቻ እንዳልቀባ ስትጠብቀኝ ዋለች። ሐኪሙን፣ ስማቸውን ያልጠየቅኳቸውን የሌሊት ነርሶች፣ ጠርሙሱን ከእጄ የወሰደችውን ራሔልንም አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ልጄን ያዳነልኝ በእነዚህ ሰዎች እጅ ነው።

እናንተም እንግዲህ ስሙኝ። ልጃችሁ ሲቆስል በሚፈስ ንጹሕ ውኃና በሳሙና በደንብ እጠቡት፤ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ዱቄት፣ ቡና፣ ዘይት አታድርጉበት። ቆርቆሮ ወይም ሚስማር ከሆነ ስለ ቴታነስ ክትባቱ ጠይቁ። በየቀኑ ግለጡትና ንኩት። ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ከጨመረ፣ ዙሪያው ከሞቀ፣ ካበጠ ወይም ከጠቆረ፣ ከሸተተ፣ ንፍፊት ከወጣ፣ ወይም ትኩሳት ከመጣ ሐኪም ቤት ሂዱ፤ ሌላ የሚመረጥ መንገድ የለም። መስመር ወደ ላይ ሲወጣ ካያችሁ ወይም ልጁ ስትጠሩት መልሱ ከዘገየባችሁ ለመወያየት አትቀመጡ። ባለቤታችሁ ይሞቃል ካለቻችሁም ይሞቃል ማለት ነው።

ቤታችሁ ውስጥ የቆሰለ ልጅ ካለ ይህን ጽሑፍ አስቀምጡትና ሂዱ። ብርሃን ወዳለበት አውጡት፣ ቁስሉን ግለጡ፣ የት እንደሚያመው ጠይቁት፤ ተናግሮ እስኪጨርስም አታቋርጡት።