ዘሀራ የቆመችበት ጠዋት

ይህን ነገር ከሦስት ሰው በቀር የሚያውቀው የለም። ሁለቱ፣ እናቴና እህቴ፣ አፈር ለብሰዋል። ሦስተኛው እኔ ነኝ፤ ለሚስቴ እንኳ ትንፍሽ ብዬ አላውቅም። በእኛ ሃይማኖት ተቀምጦ ኃጢአት የሚሰማ ሰው የለም። ጥፋትህን ለአላህ ትነግራለህ፣ የበደልከውን ሰው ደግሞ ራሱን ሄደህ አፉ በለኝ፣ ይቅር በለኝ ትለዋለህ። እኔ ሁለተኛውን ሳላደርግ ጊዜው አመለጠኝ። ስለዚህ አንተ የምታነበው፣ ማንም ሁን፣ ስማኝ። ይቅር እንድትለኝ አይደለም፤ ሐቁ የአንተ አይደለም።

ከሚሴ መናኸሪያ አጠገብ ሳይክል አከራይና ጠጋኝ ነበርኩ። ሳይክል ያስተማረችኝ ታላቅ እህቴ ዘሀራ ናት። ሴት ልጅ ሳይክል ላይ ስትወጣ ሽማግሌ ሁሉ በሚያጉረመርምበት ጊዜ፣ እሷ ቀሚሷን ሰብስባ ድልድዩን ተሻግራ ወደ ጨፋ ሜዳ ትወርድ ነበር። እኔን ኮርቻውን ከኋላ ይዛ ትገፋኛለች፣ ከዚያ ሳትነግረኝ ትለቀኛለች። ዞር ስል ሩቅ ቆማ ትስቃለች።

ሠላሳ ዓመት ሳይሞላት እግሯ ከዳት። መጀመሪያ አንድ ዓይኗ ደበዘዘ፣ ቀጥሎ ግራ እግሯን መጎተት ጀመረች። እናታችን ወዳጃ አስቀምጣ ሼሆች ቤታችን ተሰብስበው ዱዓ አደረጉላት። በኋላ አዲስ አበባ ወሰድኳትና አንድ ሐኪም ስሙን ነገረኝ፤ መልቲፕል ስክለሮሲስ። የኤሌክትሪክ ሽቦ ልባሱ ሲላጥ መብራቱ ብልጭ ድርግም እንደሚለው ነው አለኝ። አንዳንዴ ይነሳባታል፣ አንዳንዴ ይተዋታል፣ ሙቀት ያደክማታል፣ ከፀሐይ ጠብቃት አለ። የሰፈራችን ሰው ግን ይህን መምጣትና መሄድ አልወደደውም። አንድ ወር ተኝታ በሚቀጥለው ገበያ ስትወጣ ሲያያት፣ «ስትፈልግ ትታመማለች» እያለ ያማት ጀመር። እውነቱን ልንገርህ? ከበሽታው ይልቅ ያንገበገበኝ ያ ሐሜት ነበር። ጥፋቴ የጀመረው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ከአልጋ ሳትወርድ ቀረች። በዚያው ሰሞን ለእንዲህ ዓይነት ሕመምተኞች የቆመ አንድ ማኅበር በሽታውን ለማሳወቅና ሰው እጁን እንዲዘረጋ ለማድረግ በሳይክል የሚጓዙ ሰዎች ይዞ እንደሚመጣ ተሰማ። ከከሚሴ ጨፋ ሮቢት ደርሶ መልስ ነው። የሚመራው እኔ ሆንኩ። በየትምህርት ቤቱ፣ ከጁምዓ ሶላት በኋላ በየደጁ እየቆምኩ እህቴ መቆም አትችልም አልኩ። ወላሂ ብዬ ማልኩ። ማን ማል አለኝ? ማንም። አልጋ ላይ የተነሳችው ፎቶዋ በየግድግዳው ተለጠፈ፣ ሰውም ከንፈሩን መጠጠ። እኔም ከንፈር በተመጠጠ ቁጥር ደረቴ ይሰፋ ነበር።

የጉዞው ዕለት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ለሱብሒ ሶላት በሩን ከፍቼ ስወጣ ዘሀራ ግቢው መሀል ቆማለች። ቆማ ውዱእ ታደርጋለች። አንዱን እግሯን አንስታ ታጥባለች፣ ታስቀምጣለች፣ ሌላውን ታነሳለች። እናቴ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ዱዓው ደረሰ እያለች ታለቅሳለች። እልል ልትል አፏን ስትከፍት፣ እኔ ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ዝም አሰኘኋት።

ደስ አለኝ ብልህ እዋሽሃለሁ። ደነገጥኩ። የታየኝ የእህቴ እግር አይደለም፤ የታየኝ ግድግዳ ላይ ያለው ፎቶና «ወላሂ» ያልኩት ቃል ነው።

«ሳይክል ስጠኝ» አለችኝ ዘሀራ፤ ፊቷ ውሃና ሳቅ ብቻ ነበር። «እስከ ድልድዩ ብቻ ነድቼ እመለሳለሁ። ከዚያ እናንተ ሂዱ።»

«እታለም፣ ዛሬን ብቻ ቁጭ በይልኝ» አልኳት። «እንግዶቹ እስኪሄዱ። ነገ ትነጃለሽ።»

እርጥብ እጇን ቀሚሷ ላይ አበሰች። እኔ ደግሞ ለሌሎቹ በሽተኞች ስል ነው፣ ሰው ካላመነን እነሱም ይጎዳሉ አልኳት። ጥሩ ምክንያት ነበር። ጥሩ ምክንያት ለመጥፎ ሥራ ሰንሰለት ላይ እንደሚቀባ ግራሶ ነው፤ ያለ ድምፅ ያስኬደዋል። ዘሀራ በኦሮምኛ «ቶሌ» አለችኝ፣ እሺ ማለቷ ነው። በራሷ እግር ሄዳ በራሷ ጉልበት ማኅበሩ በላከላት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ጋቢውን ጉልበቷ ላይ የጣልኩት እኔ ነኝ። ገፍቼ መንገድ ዳር ሕዝቡ ፊት ያቆምኳትም እኔ ነኝ።

ተጨበጨበልን፣ ሄድን። መንገዱ ሜዳ ነው፣ ነፋሱ ከኋላ ነበር፣ ደስ የሚል ጉዞ ነበር። እኔ ፊት ፊት እየነዳሁ ለሚጨበጨብልኝ እጄን አነሳ ነበር። ድልድዩን ሳልፍ ስለ እሷ አሰብኩ? አላሰብኩም። ትዝ ያለችኝ ስንመለስ፣ ፀሐይዋ አናት ላይ ስትወጣ ነው።

እዚያው ነበረች። እናቴ ወደ ጥላ ልግፋሽ ብትላት፣ ሰው ፎቶ እያነሳ ነው፣ ወንድሜ ቁጭ በይ ብሎኛል ብላ እንቢ ብላለች። ሽንት ቤት እንኳ አልሄደችም። ነጠላዋ በላብ ጀርባዋ ላይ ተጣብቋል። እንግዶቹ ምሳ በልተው፣ አመስግነው፣ ሳይክላቸውን መኪና ላይ ጭነው እስኪሄዱ ጠበቅን። ግቢ አስገብቼ በሩን ዘጋሁ።

«ሄዱ?» አለችኝ።

«ሄዱ።»

«አሁን ልነሳ?»

ተነሺ አልኳት። እጇን ወንበሩ ላይ አስደገፈች፣ ራሷን ወደ ላይ ገፋች፣ እግሯ ግን ከቦታው አልተነቃነቀም። ደግማ ሞከረች። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝና ፈገግ ለማለት ሞከረች፤ ደክሞኝ ነው፣ ነገ እነዳለሁ አለች። ከዚያች ቀን በኋላ ዘሀራ ቆማ አላየኋትም።

ሐኪሙን ጠየቅሁት። የፀሐይ ድካም ያልፋል፣ የበሽታው መመለስ ግን በራሱ ጊዜ የሚመጣ ነው፣ አንተ አላመጣኸውም አለኝ። ይህን ቃል ስንት ዓመት እንደ መድኃኒት ዋጥኩት። አልፈወሰኝም፤ ምክንያቱም እግሯን ወሰድኩ አላልኩም። የወሰድኩት ያንን ጠዋት ነው። አላህ እግሯን ለአንድ ቀን ቢመልስላት፣ ያችን አንድ ቀን ቁጭ አሰኘኋት። እስከ ድልድዩ ብቻ ነበር የለመነችኝ።

አራት ዓመት ተኝታ ኖረች። አንድም ቀን ያን ጠዋት አንስታብኝ አታውቅም፤ እኔም አላነሳሁትም። ልታርፍ ሰሞን አጠገቧ ሆኜ ውሃ ሳጠጣት እጄን ያዘች። ድምፅዋ ስለደከመ ጆሮዬን ወደ አፏ አስጠጋሁ።

«ወንድምዓለም፣ ብዙ አስቸገርኩህ» አለችኝ። «አፉ በለኝ።»

ያኔ ነበር ሰዓቱ። አንቺ አፉ በይኝ ለማለት አንድ ትንፋሽ ይበቃኝ ነበር። እናቴ በር ላይ ቆማ ታየኛለች፣ እንድናገር እንደምትጠብቅ አውቃለሁ። ያን ጊዜም የፈራሁት ለራሴ ነው፤ የደግ ወንድም ስሜን ይዛልኝ ወደ መቃብር እንድትወርድ ፈለግሁ።

እሺ አልኳት። አፉ ብዬሻለሁ አልኳት። እኔ፣ እሷን።