ያላየችውን የማትቀብር አክስቴ

አክስቴ፣ አላህ ይዘንላትና፣ ካለፈች ወዲህ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ቃሂራ በሚባለው ሰፈር ባለችው ክፍላችን ከበር እስከ መስኮት እመላለሳለሁ። መብራት ሲጠፋ ጣሪያ ላይ እወጣለሁ፤ እዚያም አላርፍም።

አክስቴ የሰው ልብስ እያጠበች ነው ያሳደገችኝ። ጎረቤት መጥታ «ሳዑዲ እሻገራለሁ ብሎ የወጣው ልጅ መንገድ ላይ ሞተ አሉ» ስትል፣ መጭመቋን ትታ ቀና ትላለች።

«አይተሻል?»

«ኧረ ሰማሁ እንጂ።»

«እንግዲያ አትቅበሪው!» ትልና ወደ ሳፋዋ ትመለሳለች።

እኔ ዩኒቨርሲቲ የማጠናው የጡት ካንሰር የያዛቸው ሴቶች ምን ያህል ጊዜ እንደሚኖሩ የሚገመትበትን ስሌት ነው። አክስቴንም ይኸው በሽታ ይዟት ነበርና አንድ ቀን ጠየቀችኝ።

«ሕክምናውን ትታ የጠፋችውንስ ምን ታደርጓታላችሁ?»

«መጨረሻ እስከታየችበት ቀን ድረስ በሕይወት ነበረች እንላለን። ከዚያ ወዲያ ሞተችም፣ አለችም አንልም።»

«ወላሂ፣ ደግ ሒሳብ ነው!» ብላ ሳቀች።

በኋላ አቅም ሲያንሳት ሆስፒታል መሄዱን ተወችው። እቤታችን፣ እጇ እጄ ውስጥ እንዳለ ሄደች።

ትናንት ከሆስፒታሉ ነርስ ደወለችልኝ። «አክስትሽ ከቀጠሮ ከቀረች ቆየች። ካላገኘናት ጠፍታለች ብለን ልንጽፍ ነው። በሕይወት አለች?»

ዝም ብል ኖሮ በዚያ ደግ ሒሳብ ውስጥ ሞተች ሳትባል ትቀር ነበር። ስልኩን ይዤ ክፍሉን ዞርኩት፤ የራሷ የአክስቴ ድምፅ ግን ተከተለኝ፤ አይተሻል?

«ስትሞት አይቻለሁ» አልኳት ነርሷን። «ያጠብኳት እኔ ነኝ።»